አስፋልቱ ላይ የቀረው ሰማይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጉዳዩ፦ በጋዜጣችሁ ስለሚወጡ የዘመናዊ ሕንፃዎች ፎቶግራፎችና ስለሚደረግባቸው እርማት

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የውስጥ ገጽ ላይ ግማሽ ገጽ ይዞ የወጣውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አዲሱን ዋና መሥሪያ ቤት የሚያሳይ ፎቶግራፍ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት ያማረ ነው፤ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው ሕንፃ ብርቱካንማና ሐምራዊ በሆነ የምሽት ሰማይ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ በዙሪያው አንድም የኤሌክትሪክ ሽቦ አይታይም፣ መንገዱም ጭር ያለ ነው። ጋዜጣውን ወደ መስኮት አስጠግቼ የሥዕሉን የታችኛውን ክፍል ስመለከት ግን አስፋልቱ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ዝናብ ያረጠበው አስፋልት እንደ መስታወት ነው፤ ከፊታችን ያለውን ሰማይ ገልብጦ ያሳየናል። በዚህ ሥዕል ላይ ሰማዩ እንደ እሳት ሲነድ አስፋልቱ ግን ግራጫውን የሐምሌ ሰማይ እንደያዘ ቀርቷል። በስተግራ በኩልም አንዲት እናት ዣንጥላቸውን ዘርግተው መንገድ ይሻገራሉ። ሰማዩን የቀየረው ሰው አስፋልቱንና ዣንጥላውን ረስቷቸዋል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ብዕር ባላነሳሁ ነበር። ፎቶግራፉ ከተነሳበት አቅጣጫ መታየት የነበረበት፣ ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነደፈው የባንኩ የቀድሞ ክብ ሕንፃ በሥዕሉ ላይ የለም፤ በቦታው ዛፍ በቅሏል። ዛፉ ከሥዕሉ ሌላ ጥግ ተቀድቶ የተለጠፈ በመሆኑ አንድ ዓይነት የተሰበረ ቅርንጫፍ ሁለት ቦታ ላይ ይታያል። ከሥር የተጻፈው መግለጫ ደግሞ የሕንፃውን ስም ካስቀመጠ በኋላ «ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ» ብሎ ያበቃል። ማን እንዳነሳው፣ መቼ እንደተነሳ፣ ምን እንደተደረገበት አይናገርም።

ላለፉት 17 ዓመታት እንጀራዬ ሕንፃ ማንሳት ነው። (ሥራዬን ለማያውቅ ሰው «ሕንፃ አነሳለሁ» ስለው ክንዴን ያየኛል።) ደንበኞቼ አርክቴክቶች፣ ተቋራጮችና የሕንፃ ባለቤቶች ናቸው፤ ከካሜራው ጋር ከማሳልፈው ጊዜ ይልቅ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ሥዕል ሳስተካክል የማሳልፈው ይበልጣል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ «ፎቶግራፍ አይነካ» የሚል ሰው አቤቱታ እንዳልሆነ ከወዲሁ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ያልተለመደ ቅርጽ ያለውን ዘመናዊ ሕንፃ ሳያስተካክሉ ማሳየት ራሱ ብዙ ጊዜ ውሸት ይሆናል፤ የምከራከረውም ስለ ማስተካከል ልክ ነው።

ይህንኑ የባንኩን ሕንፃ እንውሰድ። ሄን የተባለው የጀርመን የኪነ ሕንፃ ድርጅት የነደፈው፣ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንፃ እንደ ተቆረጠ አልማዝ ገጾቹ በተለያየ አቅጣጫ የታጠፉ ናቸው። 200 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ጫፉን ለማየት አንገቱን 45 ዲግሪ ያህል ማቅናት አለበት፤ ካሜራም እንደ ሰው አንገቱን ሲያቀና ትይዩ የሆኑት የሕንፃው ጠርዞች ወደ ላይ እየተጠጋጉ ይሄዱና ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። የሰው ዓይን ተመሳሳይ ነገር ቢያይም አእምሮው «ሕንፃው ቀጥ ያለ ነው» ብሎ ያርመዋል፤ ካሜራ ግን ይህን የሚያርም አእምሮ የለውም። ቲልት ሺፍት የሚባለው ውድ ሌንስ ወይም ላይትሩምና ፎቶሾፕን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች ጠርዞቹን መልሰው ያቀኗቸዋል። ይህ ተገቢ እርማት ነው። ነገር ግን ከመጠን በላይ ከሄዱበት ሶፍትዌሩ የሥዕሉን አናት እንደ ሊጥ ስለሚለጥጠው የሕንፃው ጭንቅላት ከወገቡ ይሰፋል። እንዲህ ያለ ረጅም ሕንፃ ሳስተካክል ጠርዞቹ ጥቂት እንዲጠጋጉ ሆን ብዬ እተዋለሁ፤ ፍጹም ቀጥ ካደረግሁት ረጅምነቱ ራሱ ይጠፋል።

ሌላው የገጾቹ ነገር ነው። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ አንዱ ገጽ ዓይን እስኪያጥበረብር ነጭ ሲሆን አጠገቡ ያለው ወደ ጥቁርነት ይጠጋል። ሕንፃውን አልማዝ የሚያስመስለው ይህ ልዩነት ነው። ብዙ ወጣት ባልደረቦቼ ግን «ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ይታይ» በሚል ጥቁሩን ያበሩታል፣ ነጩን ያጠፉታል፤ በመጨረሻም የታጠፈው ሁሉ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ በሕንፃው ጠርዝና በሰማዩ መካከል ነጭ ጭጋግ የመሰለ ቀለበት ይቀራል። በዚህ ሁኔታ የተበላሸ ፎቶግራፍ በጋዜጣችሁም በሌሎችም ላይ በየሳምንቱ አያለሁ። ይህ የሙያ ጉድለት እንጂ ማታለል ስላልሆነ በዚህ አልወቅሳችሁም።

ሰማይን መቀየር ግን ሌላ ነው፤ ለምን እንደሚቀየርም በሚገባ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ሕንፃ በፊቱ ላይ ፀሐይ በቅጡ የሚያርፍበት በአመዛኙ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። ከዚህ ውስጥ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የዝናብና የደመና ወራት ናቸው። የሚቀረን ሚያዝያና ግንቦት ነው። ምሽት ላይ መብራቶቹ በርተው ሰማዩም ገና ሰማያዊ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ በእኛ ሀገር እጅግ አጭር ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ 20 ወይም 25 ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያች ደቂቃ ላይ ጥበቃው መጥቶ «ፈቃድ አለህ?» ካለ ቀኑ አለቀ። ስልኩን አውጥቶ መቶ ጊዜ የሚያነሳውን ሰው ማንም አይጠይቀውም፤ ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ የዘረጋ ሰው ግን ወዲያውኑ ሰላይ ይሆናል። ስምንት ወር ጠብቆ፣ ፈቃድ ለምኖ፣ ደመና ገጥሞት ለተመለሰ ባለሙያ በአንድ ቁልፍ ሰማይ የሚቀይር ሶፍትዌር ምን ያህል ፈታኝ እንደሆነ የሚገባው የደረሰበት ብቻ ነው። ሆኖም ደንበኛው ለማስታወቂያ ሰሌዳ የሚፈልገው ሥዕልና ጋዜጣ «ይህ ሆነ፣ ይህ አለ» ብሎ የሚያትመው ሥዕል አንድ ሊሆኑ አይችሉም።

ብዙ ሥዕሎችን በአንድ ላይ ማዋሐድ ሁሉ ማጭበርበር ነው ማለቴ እንዳልሆነ ለማስረዳት የአፍሪካ አዳራሽን ላንሳ። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንፃ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ በቅርቡም ታድሶ በ2017 ዓ.ም. በድጋሚ የተከፈተ ነው። በውስጡ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል በሦስት መስኮቶች 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። በዚያ አዳራሽ ቆሞ አንድ ጊዜ ብቻ ካሜራውን የተጫነ ሰው ወይ መስታወቱ ደምቆ ወለሉ የጨለመበት፣ ወይ ወለሉ ታይቶ መስታወቱ ነጭ አንሶላ የሆነበት ሥዕል ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ካሜራውን ሳላንቀሳቅስ በተለያየ የብርሃን መጠን አምስት ጊዜ አንስቼ አዋሕዳቸዋለሁ፤ ውጤቱም እዚያ የቆመ ሰው ከሚያየው ጋር ይቀራረባል። ዘዴው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጁሊየስ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1960 በሎስ አንጀለስ ኮረብታ ላይ የተሠራውን የፒየር ኮኒግን የመስታወት ቤት ሲያነሳ በአንድ ፊልም ላይ በመጀመሪያ ለ7 ደቂቃ ያህል የከተማዋን መብራቶች አስገብቶ፣ ቀጥሎ በቤቱ ውስጥ የተቀመጡትን ሴቶች በፍላሽ ብርሃን ጨምሮበታል። ከተማዋ እዚያ ነበረች፣ ሴቶቹም እዚያ ነበሩ፤ የተጨመረም የተቀነሰም አልነበረም።

በዚሁ የአፍሪካ አዳራሽ አንድ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመስታወቱ የሚገባው የቀን ብርሃንና የአዳራሹ አምፖል የተለያየ ቀለም ስላላቸው ካሜራው ግራ ይጋባል፤ እኔ ግራጫ ካርድ ይዤ እገባና ቀለሙን በእርሱ አስተካክላለሁ። ከዚያ አልፌ ቀዩ ይበልጥ ይቅላ፣ ቢጫው ይበልጥ ይንደድ ብዬ የድምቀቱን መጠን ከፍ ካደረግሁ ግን ተመልካቹ የሚያየው የአፈወርቅን ቀለም ሳይሆን የእኔን ነው። በበዓላት ሰሞን በየቦታው የሚታተሙት የዚህ መስታወት ሥዕሎች አብዛኞቹ ከረሜላ የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ልደታ አካባቢ ያለው ልደታ መርካቶ የተባለው የገበያ ማዕከልም እንዲሁ ያስቸግራል። የባርሴሎናው አርክቴክት ሻቪየር ቪላልታ ነጩን የኮንክሪት ግድግዳ የሀገር ልብስ ጥለትን ተከትሎ በትንንሽ ቀዳዳዎች ነድፎታል። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ የሚጥር መሣሪያ በመሆኑ ያንን ነጭ ግድግዳ አመድማ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ግድ ነው፣ ከዚያ ቢያልፍ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ይጠፋሉ። ለጋዜጣ ሲታተም ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ የኅትመቱ ነጥቦችና የግድግዳው ቀዳዳዎች ሲገጣጠሙ በግድግዳው ላይ የሌለ የማዕበል መስመር ይፈጠራል። የማተሚያ ክፍላችሁ ሥዕሉን ሲያሳንስ ጥቂት ቢያለዝበው ይህ ይቀንሳል። ይህን ከዋናው ጉዳይ ጋር የማይገናኝ ምክር ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ባለፈው ዓመት ያወጣችሁት የዚሁ ሕንፃ ሥዕል ጥለቱ የውኃ ሞገድ መስሎ ስላናደደኝ ነው።

እንግዲህ ድንበሩ የት ላይ ነው? እኔ ለራሴ የያዝሁት መለኪያ እንዲህ የሚል ነው፦ ብርሃንን፣ ቀለምንና የመስመርን መቅናት ዓይን ወዳየው ማስጠጋት ይፈቀዳል፤ እዚያ የነበረን ነገር ማጥፋት ወይም ያልነበረን ማምጣት ግን ፎቶግራፉን በእጅ ወደተሳለ ሥዕል ስለሚቀይረው ይኸው ለተመልካቹ ሊነገር ይገባል። ይህን ድንበር የጣሱት ሰነፎች ብቻ አይደሉም። ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ራሱ በስዊዘርላንድ የሠራውን ቪላ ሽዎብ እ.ኤ.አ. በ1921 በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ ሲያወጣ በዙሪያው የነበረውን ነገር በቀለም ርጭት አጥፍቶ፣ ተዳፋቱን መሬት ለጥ ያለ ሜዳ አስመስሎታል። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 የጊዛን ፒራሚዶች ለቁም ሽፋን እንዲመቹት በኮምፒዩተር አቀራርቧቸው ለዓመታት ሲወቀስበት ኖሯል። ወርልድ ፕሬስ ፎቶ በተባለው ዓለም አቀፍ የዜና ፎቶግራፍ ውድድር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጨረሻዎቹ ዙሮች ከደረሱት ሥራዎች 20 በመቶ ያህሉ ከልክ ባለፈ እርማት ምክንያት ወድቀዋል። በእኛ ሀገር ጋዜጦች ግን የተጻፈ መመሪያ ያለው ስለመኖሩ አንድም ጊዜ በገጾቻቸው ላይ አላነበብሁም።

ድንጋይ ወርዋሪ ብቻ እንዳልመስል የራሴንም ልናገር። ከስምንት ዓመት በፊት ፒያሳ አካባቢ አንድ ደንበኛ ፊቱ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ አዲስ ሕንፃ አሠርቶ ለማስታወቂያ እንዳነሳለት ቀጠረኝ። ከሕንፃው ፊት ለፊት በእንጨት በረንዳ የተከበበ፣ ቆርቆሮው የዛገ አሮጌ ቤት ነበረ። ተስማሚው ቦታ በረንዳው ላይ ሆኖ ስላገኘሁት የቤቱን ባለቤት ፈቃድ ጠየቅሁ፤ እማማ ሳይጠይቁ ሳያንገራግሩ መውጫ ዱካ አቀበሉኝ፣ ቡናም አጠጡኝ። ከዚያ ሰፋ ያለውን ዕይታ ከመንገድ ማዶ ሆኜ ሳነሳ ግን ቤታቸው በሥዕሉ መካከል ገባ። ደንበኛው «ይህን ጎጆ አንሳልኝ» አለኝ። በሁለት ሌሊት ሥራ ቤቱን፣ በረንዳውን፣ ከደጃፉ የነበረውን የሊስትሮ ጥላና ሦስት የስልክ ምሰሶዎች አጠፋኋቸው። የሠራሁት ሥራ አምሮልኝ ነበር፤ የት ጋ እንደተነካ እኔም መለየት አልችልም።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ያ ቤትም ፈረሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ እማማን አንድ ለቅሶ ቤት አገኘኋቸውና ወዲያው አወቁኝ። «ልጄ፣ ያኔ ከማዶ ሆነህ ስታነሳ ቤታችን ገብቶ ነበር አይደል? አንዷን ብታጥብልኝ» አሉኝ። ቤት ገብቼ ፈለግሁ። ያልተነካው ጥሬ ፋይል የነበረበት ሃርድ ዲስክ ከተቃጠለ ቆይቷል። በእጄ የቀረው ለደንበኛው የሰጠሁት ብቻ ነው፤ በእርሱ ላይ ደግሞ የእማማ ቤት በነበረበት ቦታ የእኔ አረንጓዴ ሣር አለ። ምን ብዬ እንደምነግራቸው ስለጠፋኝ እስካሁን አልደወልሁላቸውም።

ለአንድ ደንበኛ ማስታወቂያ የተደረገው ይህን ካስከተለ በጋዜጣ ላይ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል አስቡት። አንዳንድ ጊዜ ወመዘክር ገብቼ የ1950ዎቹን ጋዜጦች አገላብጣለሁ። ፎቶግራፎቹ ደብዛዛ ናቸው፣ ቀለም የላቸውም፣ አንዳንዶቹ የቀለም ጭቃ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ከአዲሱ ሕንፃ ጎን ምን እንደነበረ፣ መንገዱ ምን ያህል ስፋት እንደነበረው፣ ሰዉ ምን ለብሶ ያልፍ እንደነበረ አምኜ እወስድባቸዋለሁ። ከ60 ዓመት በኋላ የእናንተን ጋዜጣ የሚያገላብጥ ተማሪ ክቡ የሾሜት ሕንፃ በእኛ ዘመን ፈርሶ በቦታው ዛፍ ነበረ ብሎ ቢጽፍ በምን እናርመዋለን? ከተማው በዚህ ፍጥነት በሚለዋወጥበት ወቅት የየቀኑ ፎቶግራፍ ከማስጌጫነት ይልቅ ማስረጃነቱ ይበልጣል።

የባሰው ደግሞ ጨርሶ ያልተነሳ ፎቶግራፍ ነው። ገና መሠረቱ ያልወጣ ሕንፃ በኮምፒዩተር የተሠራ የንድፍ ምስሉ፣ እኛ ሬንደር የምንለው፣ ከፎቶግራፍ ሳይለይ በዜና ላይ ሲወጣ ከአንድም ሁለት ጊዜ በጋዜጣችሁ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረኩ ሕንፃዎች መጥተዋል። እነዚህን ለመለየት ልምድ ያለው ዓይን እንኳ እየተቸገረ ነው፤ የመስኮቶቹን ረድፍ ፎቅ በፎቅ መቁጠር፣ ደረጃው ወዴት እንደሚወስድ መከተል፣ የምልክት ሰሌዳዎቹን ፊደል ማንበብ አሁንም ይረዳል፤ የግዕዝ ፊደላችን ለእነዚህ መሣሪያዎች ገና አስቸጋሪ በመሆኑ አንዳንዴ ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ማንም የማያነበው ጭረት ነው።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። በሕንፃ ፎቶግራፍ ሥር የአንሺው ስምና ሥዕሉ የተነሳበት ወር ይጻፍ፤ አንድ ነገር ከወጣበት ወይም ከገባበት «የተቀነባበረ ምስል»፣ ገና ያልተሠራ ከሆነ «የንድፍ ምስል» የሚል ቃል ይጨመር። «ከማኅበራዊ ሚዲያ» የሚለው የአንሺ ስም አይደለም፤ ከመንገድ የተገኘ ዕቃ ባለቤቱ መንገዱ ነው እንደማለት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም የኪነ ሕንፃ ሥራንም በጥበቃው ሥር ያካተተ መሆኑን የሕግ ክፍላችሁ ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የአርክቴክቱም ስም አብሮ ቢጻፍ መልካም ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ በየዜናው እናየዋለን፤ ሚካኤል ቴድሮስ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር እንደነደፈው ግን ከአንባቢዎቻችሁ ስንቱ ያውቃል? ከደንበኛ የሚላክላችሁን ሥዕል በተመለከተም ያልተነካውን ጥሬ ፋይል የመጠየቅ ልማድ ቢኖራችሁ አብዛኛው ችግር ከበር ይመለሳል፤ ፋይሉን የያዘ ሰው ለመላክ አያንገራግርም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ባለፈው ሳምንት ከዚያው ቦታ ያነሳሁትን የባንኩን ሕንፃ ሥዕል ልኬላችኋለሁ። ጠርዞቹን አቅንቻለሁ፣ ጥላውን በጥቂቱ አብርቻለሁ፣ ከዚህ ሌላ የነካሁት የለም። ሰማዩ ደመናማ ነው፤ ስድስት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ሥዕሉን አቋርጠው ያልፋሉ፤ በቀኝ በኩል አንድ ሚኒባስ ግማሽ አካሉ ገብቷል፤ ክቡም ሕንፃ በቦታው አለ። ብታትሙት ክፍያ አልጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕንፃ ፎቶግራፍ ባለሙያና የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
አዲስ አበባ